ንዑስ ተቋራጭ ያልተከፈለውን ገንዘብ ከሕንፃው ባለቤት የሚጠይቅበት መንገድ

በጎንደር ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ የግንባታ ሥራ ይፋፋማል፤ በተለይ ለጥምቀት እንግዳ የሚሆን ክፍል ለማድረስ የሚፈልግ የፔንሲዮን ባለቤት ከኅዳር ጀምሮ ተቋራጩን ያጣድፋል። ተቋራጩም በበኩሉ ልስኑን ለአንዱ፣ ሴራሚኩን ለሌላው፣ የአልሙኒየም በርና መስኮቱን ለሦስተኛው፣ የመብራትና የቧንቧ ዝርጋታውን ለአራተኛው ከፋፍሎ ይሰጣል፤ ንዑስ ተቋራጮች የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሥራው ያልቃል፤ ጥር 11 ቀን ይደርሳል፤ ክፍሎቹ በእንግዳ ይሞላሉ። የአልሙኒየም ባለሙያው ግን ከቅድመ ክፍያው በቀር የተቀበለው ነገር ሳይኖር ተቋራጩ ስልክ ማንሣት ያቆማል። ያን ጊዜ ባለሙያው የሚያነሣው ጥያቄ፣ መስኮቱ የተገጠመውና ጥቅም እየሰጠ ያለው በባለቤቱ ሕንፃ ላይ ከሆነ ገንዘቡን በቀጥታ ከባለቤቱ ለምን አልጠይቅም የሚል ነው።

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ አይደለም። እውነት ይዘው የመጡ ሠራተኞች አቤቱታቸውን ባልሆነ መሠረት ላይ አቁመው፣ የዳኝነት ከፍለው፣ ወራት ተመላልሰው በመጨረሻ ሲሸነፉ ማየት ያሳዝናል፤ ስለዚህ ባለቤቱን ለመጠየቅ የሚያስብ ሰው ምን ቀድሞ ማጣራት፣ ምን መጻፍና ምን መጠየቅ እንዳለበት ከዚህ በታች በዝርዝር አስቀምጣለሁ።

ሕጉ የሚለው

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1952፣ ሕጉ በተለይ ካመለከታቸው ሁኔታዎች በቀር ውል የሚጸናው በተዋዋዮቹ መካከል ብቻ እንደሆነ ይደነግጋል። የአንቀጹ ቁጥር ሕጉ ከታወጀበት ከ1952 ዓ.ም. ጋር ስለሚገጥም ለማስታወስ አያስቸግርም። የንዑስ ተቋራጩ ውል ከዋናው ተቋራጭ ጋር ነው፤ የባለቤቱም ውል ከዋናው ተቋራጭ ጋር ነው፤ በንዑስ ተቋራጩና በባለቤቱ መካከል ግን ውል የለም። በዚህ ምክንያት «ተቋራጩ ስላልከፈለኝ ባለቤቱ ይክፈለኝ» የሚል አቤቱታ ብቻውን ሲቀርብ፣ ባለቤቱ «እኔ ከዚህ ሰው ጋር አልተዋዋልሁም» ብሎ ቢመልስ መልሱ የሕግ ድጋፍ አለው።

ውል በሌለበት ቦታ የሚያገለግለው ያላግባብ መበልጸግ የሚባለው የሕግ ክፍል ነው። አንቀጽ 2162 በሌላው ሰው ድካም ወይም ንብረት ያለ በቂ ምክንያት የተጠቀመ ሰው፣ በተጠቀመበት መጠን ባለድካሙን ወይም ባለንብረቱን መካስ እንዳለበት ያዛል። ንዑስ ተቋራጩ ባለቤቱ በሥራው መጠቀሙን ለማስረዳት ብዙም አይቸገርም፤ መስኮቱ ተገጥሞ ይታያል። የሚያስቸግረውና ክርክሩ ሁሉ የሚዞርበት «ያለ በቂ ምክንያት» የሚለው ነው። ባለቤቱ የመስኮቱን ዋጋ ለዋናው ተቋራጭ አሟልቶ ከፍሎ ከሆነ፣ ጥቅሙን ያገኘው በውል መሠረት ገንዘብ ከፍሎበት ነውና በቂ ምክንያት አለው፤ ሁለተኛ ክፈል ቢባል ለአንድ መስኮት ሁለት ጊዜ መክፈሉ ነው። ዋጋውን ሳይከፍል መስኮቱንም ገንዘቡንም ይዞ ተቀምጦ ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ሊታወቅ የሚገባው ባለቤቱ ለተቋራጩ ምን ያህል ከፍሏል፣ በእጁስ ምን ያህል ቀርቶታል የሚለው ነው። ይህን ሳያጣሩ ወደ ክስ መሄድ፣ መሬቱን ሳይመረምሩ መሠረት እንደማውጣት ይቆጠራል።

በቅድሚያ ከባለቤቱ ጋር ውል አለመኖሩን ማረጋገጥ

ይህን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘለዋል። በሥራው መካከል ባለቤቱ ወደ ሳይት መጥቶ «ይህን መስኮት አስፋልኝ፣ እዚህ ላይ ደግሞ አንድ በር ጨምርልኝ፣ ሒሳቡን እኔ እችላለሁ» ብሎ ካዘዘና ሥራው ከተሠራ፣ ለተጨመረው ሥራ በሁለቱ መካከል የራሱ ውል ተመሥርቷል ብሎ መከራከር ይቻላል። ሕጉ ግድ ካላለ በቀር ውል በተለየ አጻጻፍ እንዲደረግ አይጠየቅም፤ አንቀጽ 1719 ይህን ይላል። የዚህ ዓይነቱ ክስ የውል ክስ ስለሆነ ያላግባብ መበልጸግን መጥቀስ አያስፈልገውም፤ የሚጠየቀውም የተስማሙበት ዋጋ ነው። ማስረጃው በዕለቱ የነበሩ ሠራተኞች ምስክርነት፣ የቴሌግራም መልእክት፣ ባለቤቱ በቀጥታ በባንክ ያስገባው ገንዘብ ሊሆን ይችላል።

«እሱ ባይከፍልህ እኔ እከፍልሃለሁ» የሚለው ቃል ግን የተለየ ነው። ይህ ለሌላ ሰው ዕዳ ዋስ መሆን ነው፤ የዋስትና ውል ደግሞ በአንቀጽ 1725 መሠረት በጽሑፍ ካልተደረገ አይጸናም፤ በአንቀጽ 1922 መሠረትም ዋሱ የገባበት የገንዘብ መጠን ካልተገለጸ ዋጋ የለውም። ባለቤቱ ይህን ቃል በሚናገርበት ጊዜ ከልቡ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም ወዲያው በወረቀት ላይ የገንዘቡን ልክ አስጽፎ፣ ከሁለት ምስክሮች ጋር ማስፈረም እንጂ በቃሉ ብቻ መተማመን አይገባም።

የክፍያውን ዱካ መከተል

ባለቤቱ ስንት እንደከፈለ ለማወቅ የመጀመሪያው መንገድ ራሱን በትሕትና መጠየቅ ነው። በጎንደር ባለቤትና ባለሙያ ብዙ ጊዜ ይተዋወቃሉ፤ ባለቤቱም በጠብ ሳይሆን በአክብሮት ሲጠየቅ ሒሳቡን ማሳየት የማይከብደው ጊዜ ጥቂት አይደለም፣ ምክንያቱም አሟልቶ የከፈለ ባለቤት መክፈሉን ማሳየት ለራሱም ይጠቅመዋል። በተቻለ መጠን ሦስት ነገሮችን ማየት ያስፈልጋል፦ የዋናውን ውል ጠቅላላ ዋጋ፣ እስካሁን የጸደቁትን የክፍያ ሰርተፊኬቶች ወይም ደረሰኞች፣ እና ለጥራት ዋስትና ተብሎ የተያዘውን ገንዘብ፣ በሳይት ቋንቋ ሬቴንሽን የሚባለውን። አማካሪ መሐንዲስ ያለበት ሥራ ከሆነ በሰርተፊኬቱ ላይ የአልሙኒየም፣ የልስን ወይም የኤሌክትሪክ ሥራው በዝርዝር ተለክቶ ስለሚገኝ፣ የእርስዎ ሥራ ለተቋራጩ ተከፍሏል ወይስ አልተከፈለም የሚለው ከዚያ ይታወቃል።

ነገሩን በቁጥር ማየት ይሻላል። ዋናው ውል 6,000,000 ብር ነው እንበል። ንዑስ ተቋራጩ የአልሙኒየሙን ሥራ በ900,000 ብር ወስዶ 350,000 ብር ተቀብሏል፤ ቀሪው 550,000 ብር ነው። ባለቤቱ ለተቋራጩ 5,700,000 ብር ከፍሎ 300,000 ብር በእጁ ይዟል። በዚህ ጊዜ ንዑስ ተቋራጩ ከባለቤቱ 550,000 ብሩን በሙሉ ቢጠይቅ፣ ባለቤቱ ከ300,000 ብር በላይ ያለው ጥቅም ዋጋው የተከፈለበት መሆኑን ይከራከራል፤ ክርክሩም ጠንካራ ነው። ከዚህም በላይ ተቋራጩ ሥራውን ጥሎ በመሄዱ ባለቤቱ ጣሪያውን በሌላ ሰው ለማስጨረስ 120,000 ብር አውጥቶ ከሆነ፣ ይህንንም ከተቋራጩ ሊቀንስ ስለሚችል በእጁ በእርግጥ ያለው የተቋራጩ ገንዘብ 180,000 ብር ብቻ ነው። ቀሪው 370,000 ብር ከተቋራጩ ከራሱ የሚፈለግ ነው። ይህን ስሌት በቤት ሠርቶ የመጣ ከሳሽ የሚጠይቀው መጠን ልከኛ ስለሚሆን ዳኛውም ባለቤቱም በቁም ነገር ያዩታል።

ገንዘቡ ከባለቤቱ እጅ ሳይወጣ

ከባለቤቱ እጅ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ወደ ተቋራጩ ከሄደ በኋላ ባለቤቱን መጠየቅ እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ ጊዜው ከሁሉ በላይ ወሳኝ ነው፤ ቀጣዩ ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት መንቀሳቀስ ያስፈልጋል።

ተቋራጩ ገና ከተገኘና ለመስማማት ፈቃደኛ ከሆነ፣ ከሁሉ የሚሻለው ከባለቤቱ የሚፈልገውን ገንዘብ ለንዑስ ተቋራጩ እንዲያስተላልፍለት በጽሑፍ ማስፈረም ነው። አንቀጽ 1962 እና ተከታዮቹ አንድ ባለገንዘብ መብቱን የባለዕዳውን ፈቃድ ሳይጠይቅ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ እንደሚችል ይፈቅዳሉ፤ ውሉ የሚከለክል ወይም የጉዳዩ ጠባይ የማይፈቅድ ሲሆን ግን አይቻልም። ጽሑፉ የዋናውን ውል ቀን፣ የሚተላለፈውን የገንዘብ ልክ፣ የተቋራጩንና የምስክሮችን ፊርማ የያዘ ይሁን፤ ከዚያም አንድ ቅጂው ለባለቤቱ ተሰጥቶ ደርሶኛል ብሎ ይፈርም። ባለቤቱ መተላለፉን በትክክል ካወቀ በኋላ ለተቋራጩ ከፈልሁ ብሎ ራሱን ነፃ ማድረግ አይችልም። ይህ ወረቀት በእጁ ያለ ሰው ያላግባብ መበልጸግን ማስረዳት አያስፈልገውም፤ የሚጠይቀው የተላለፈለትን መብት ነው። እኔ ንዑስ ተቋራጮች ሥራ ሲጀምሩ፣ ወዳጅነቱ ገና ትኩስ ሳለ፣ ይህ ቃል በውላቸው ውስጥ እንዲገባ ቢያደርጉ እመርጣለሁ፤ ችግሩ ከመጣ በኋላ ፊርማ ማግኘት ያስቸግራልና።

ተቋራጩ ካልተገኘ ወይም ካልተስማማ ሁለት መንገዶች ይቀራሉ። አንደኛው የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1993 ነው፤ ባለዕዳው በሌላ ሰው ላይ ያለውን መብት ሳይጠይቅ ቸል ሲል፣ ባለገንዘቡ በፍርድ ቤት ፈቃድ በባለዕዳው ስም መብቱን ሊሠራበት ይችላል። ፈቃዱ እንዲሰጥ ዕዳው የሚከፈልበት ጊዜ መድረሱንና የባለዕዳው ቸልታ ባለገንዘቡን የሚጎዳ መሆኑን ማስረዳት ያስፈልጋል። ከተማውን ጥሎ ለሄደና 300,000 ብሩን ከባለቤቱ ለመጠየቅ ላልመጣ ተቋራጭ ይህ አንቀጽ የተጻፈ ያህል ነው፤ ይሁንና ሲጠቀስ የማየው ከአንቀጽ 2162 ባነሰ ነው። ሁለተኛው መንገድ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 151 ነው፤ ተከሳሹ ፍርዱ እንዳይፈጸም ንብረቱን ሊያሸሽ መሆኑ ከታመነ ፍርድ ቤቱ ከፍርድ በፊት ንብረቱን ሊያስከብር ይችላል። ተቋራጩ ከባለቤቱ የሚፈልገው ገንዘብም ንብረቱ ስለሆነ፣ ባለቤቱ እስከ ፍርዱ ድረስ ይህን ያህል ብር ለተቋራጩ እንዳይከፍል ትእዛዝ እንዲሰጥ መጠየቅ ይቻላል።

ለባለቤቱ ደብዳቤ መጻፍም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ደብዳቤ ብቻውን ክፍያ እንደማያግድ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቅሙ ባለቤቱ ነገሩን አውቆ እንደነበር ማስረጃ መሆኑ ነው። በአንቀጽ 2163 መሠረት የበለጸገ ሰው ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ብልጽግናው በእጁ እንደሌለ በማስረዳት ከመመለስ ሊድን ይችላል፤ ቅን ልቦና ለሌለው ሰው ግን ይህ መከላከያ አይሠራም። ደብዳቤው እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦

«በጎንደር ከተማ አዘዞ በሚገኘው ሕንፃዎ ላይ ከዋናው ተቋራጭ ጋር ባደረግሁት ውል መሠረት 42 የአልሙኒየም መስኮትና 18 በር ሠርቼ ገጥሜ አስረክቤያለሁ። ከሥራው ዋጋ 550,000 ብር አልተከፈለኝም። ለተቋራጩ ያልከፈሉት ቀሪ ሒሳብ ካለ መጠኑን በጽሑፍ እንዲያሳውቁኝ፣ የእኔን ሥራ የሚመለከተውን ክፍል ለተቋራጩ ከመክፈልዎ በፊትም ሦስታችን ተገናኝተን እንድንነጋገር በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

ደብዳቤው በሪኮማንዴ፣ ማለትም በፖስታ ቤት በተመዘገበ ደብዳቤ፣ ይላክ፤ በእጅ ከተሰጠም ቅጂው ላይ ይፈረምበት፤ አልፈርምም ካሉ ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይሰጥ። ለተቋራጩም ለብቻው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይድረሰው፤ አንቀጽ 1772 ባለዕዳውን አስቀድሞ ማስጠንቀቅን ይጠይቃል፤ ለዘገየ ገንዘብም በአንቀጽ 1751 እና 1803 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ወለድ ይታሰባል። በዚህ ሁሉ መካከል ግን የተገጠመውን መስኮት ነቅሎ መውሰድ ፈጽሞ አይገባም። ከሕንፃው ጋር የተያያዘው ዕቃ ከእንግዲህ የሕንፃው አካል ነው፤ ነቅሎ የሄደ ባለሙያ ገንዘብ ጠያቂነቱ ቀርቶ በወንጀል ተጠያቂ ሊሆን ይችላል።

ክሱን ማዘጋጀት

ክስ ማቅረብ ግድ ከሆነ ተቋራጩን አንደኛ ተከሳሽ፣ ባለቤቱን ሁለተኛ ተከሳሽ አድርጎ በአንድ መዝገብ መክሰስ ይመረጣል፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 36 ተከሳሾችን ማጣመርን ይፈቅዳል። ባለቤቱን ብቻ መክሰስ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ባለቤቱ «ለተቋራጩ ከፍያለሁ» ሲል ያንን የሚያረጋግጥ ወይም የሚያስተባብል ሰው በችሎቱ አይኖርም። ተቋራጩ አድራሻው ጠፍቶ ከሆነ መጥሪያው በጋዜጣ እንዲወጣ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይቻላል።

ክሱ በሁለቱ ላይ በተለያየ መሠረት መቆም አለበት። በተቋራጩ ላይ የውል ክስ ነው፤ የተስማሙበት ዋጋ፣ የተከፈለው፣ የቀረው፣ ወለዱ ይጠየቃል። በባለቤቱ ላይ ግን ፍሬ ነገሩ ተነጥሎ መተንተን አለበት፦ ምን ጥቅም እንዳገኘ፣ ጥቅሙ በከሳሹ ድካምና ዕቃ የመጣ መሆኑ፣ ለዚያ ጥቅም ለማንም ዋጋ እንዳልከፈለ፣ በእጁም ስንት ብር እንደቀረ። «ተቋራጩ ስላልከፈለኝ» የሚለው ብቻ የተጻፈበት ክስ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 231 መሠረት በባለቤቱ ላይ የክስ ምክንያት የለውም ተብሎ ሊመለስ ይችላል። የአንቀጽ 1993 ጥያቄም በአማራጭ ቢቀርብ ይበጃል፤ አንዱ መሠረት ቢወድቅ ሌላው ይቆማልና። የክፍያ ሰርተፊኬቶቹ በከሳሹ እጅ ከሌሉ፣ በማን እጅ እንደሚገኙ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 223 በሚቀርበው የማስረጃ ዝርዝር ላይ ተጽፎ ፍርድ ቤቱ እንዲያስቀርባቸው ይጠየቅ።

የጥቅሙን መጠን በተመለከተ፣ በአንቀጽ 2162 የሚካሰው ባለቤቱ የተጠቀመበት ያህል እንጂ ንዑስ ተቋራጩ ከዋናው ተቋራጭ ጋር የተዋዋለበት ዋጋ አይደለም። ሁለቱ ሊገጥሙ ይችላሉ፤ ላይገጥሙም ይችላሉ። ርካሽ ፕሮፋይል (የአልሙኒየም ዘንግ) ተጠቅሞ በውድ ዋጋ የተዋዋለ ባለሙያ ከባለቤቱ የሚያገኘው የሥራውን እውነተኛ ዋጋ ነው። በዚህ ምክንያት ፍርድ ቤቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 136 መሠረት ባለሙያ መድቦ ሥራው በቦታው እንዲለካና በገበያ ዋጋ እንዲገመት መጠየቅ ይጠቅማል። ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ግን የራስዎን ማስረጃ ያደራጁ፦ የዕቃ መግዣ ደረሰኞች፣ በየቀኑ የተነሡ ፎቶዎች፣ የልኬት ወረቀት፣ ፎርማኑ የፈረመበት ርክክብ። ፔንሲዮኑ በጥምቀት ሰሞን እንግዳ ተቀብሎ እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃም ጥቅሙ ቀላል አይደለም፤ ባለቤቱ ሥራው ጉድለት ስላለው አልተጠቀምሁበትም ብሎ እንዳይከራከር ያደርገዋል።

የዳኝነት መክፈል የማይችል ሰው በድሃ ደንብ ለመክሰስ ፈቃድ መጠየቅ ይችላል፤ ሥርዓቱ ከሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 467 ጀምሮ ተደንግጓል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት አማካይነት ለአቅመ ደካሞች የሚሰጠውን ነፃ የሕግ ድጋፍም ማሰብ ተገቢ ነው።

የይርጋ፣ ማለትም ክስ የሚቀርብበት የጊዜ ገደብ፣ ጉዳይ በአጭሩ ይታለፍ፤ በተቋራጩ ላይ ያለው የውል ጥያቄ በአንቀጽ 1845 መሠረት በ10 ዓመት ይታገዳል፤ ግን ማንም ሰው ይህን ያህል መጠበቅ የለበትም። በእጅ ዋጋ የሚሠሩ የቀን ሠራተኞች ጉዳይ ከዚህ የተለየ ነው፤ እነሱ ንዑስ ተቋራጮች ሳይሆኑ ሠራተኞች ከሆኑ የሚመለከታቸው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ የደመወዝ ጥያቄያቸውም በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። የመንግሥት ሕንፃ ከሆነም ከአንቀጽ 3131 ጀምሮ ያሉት የአስተዳደር ውሎች ድንጋጌዎች ስለሚገዙት፣ ንዑስ ውሉ በመሥሪያ ቤቱ ጸድቆ እንደነበር ወይም እንዳልነበር መጀመሪያ ይጣራ።

በሽማግሌ መጨረስ

በጎንደር እንዲህ ያለው ነገር ብዙ ጊዜ ከችሎት በፊት ወደ ሽማግሌ ይሄዳል፤ ይህም መልካም ነው፤ ሦስቱም ወገኖች በአንድ ቦታ መቀመጣቸው ብቻ የተደበቀውን ሒሳብ ያወጣዋል። ሽማግሌዎቹ ባለቤቱ በእጁ ያለውን ቀሪ ሒሳብ በቀጥታ ለንዑስ ተቋራጩ እንዲከፍል፣ ተቋራጩም ያ ገንዘብ ከራሱ ሒሳብ ላይ እንዲቀነስለት ካስማሙ፣ ከሁሉ የተሻለ መፍትሔ ተገኝቷል። ነገር ግን ስምምነቱ በቃል እንዳይቀር፤ በጽሑፍ ይሁን፤ ሦስቱም ይፈርሙ፤ ባለቤቱም ከዚህ መጠን በኋላ ከተቋራጩ ዕዳ ነፃ መሆኑ በግልጽ ይጻፍበት፤ አለዚያ ባለቤቱ ሁለት ጊዜ እከፍላለሁ ብሎ ይፈራል፤ ፍርሃቱም ትክክል ነው። ክስ ተከፍቶ ከሆነ ስምምነቱ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 274 እና ተከታዮቹ መሠረት በመዝገቡ ላይ እንዲሰፍርና እንደ ፍርድ እንዲፈጸም ይጠየቅ፤ ክፍያውም በጥሬ ብር ሳይሆን በባንክ፣ የክፍያው ምክንያት ተጽፎበት ይፈጸም።